የጉንጬ ፊኛ

ነገሌ ውስጥ ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ሆዴን አመመኝ ብትሉ ጎረቤት ኮሶ ይዞ ይመጣል፣ ማዶ ያለው በጋለ ብረት ተተኮሱ ይላል፣ የሁለቱን ክርክር ሊሰማ የቆመው መንገደኛ ደግሞ ሦስተኛ መድኃኒት ያዝላችሁና "ናጋ" ብሎ ተሰናብቶ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ከተማ ነው ግራ ፊቴ ተሰንጥቆ የተወለድኩለት። ሥራ አልፈቱም።

ስንጥቁ ከላይኛው ከንፈሬ ይጀምራል። አፍንጫዬን በጎን ትቶ ጉንጬን እየከፈለ ይወጣና የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ለሁለት ከፍሎ ይቆማል። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ብዙ ነው፤ እስከ ዓይን የሚደርሰውን ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፍ ነው የሚያውቁት። ይህን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ የተነገረኝ ምክንያት ሌላ ነበር። እናቴ እኔን አርግዛ ግመል አይታ ስቃለች አሉ። ከደጋ የመጣች የወታደር ሚስት፣ በዕድሜዋ ግመል አይታ የማታውቅ፣ ገበያ መሀል ቆማ በግመሉ ከንፈር ሳቀች፤ ግመሉም ተቀይሞ ከንፈሩን ለልጇ አወረሰ። ይህን የሚያወሩት ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩት ብቻ አይደሉም። የአራተኛ ክፍል መምህሬ በእንስሳት መሳቅ ነውር መሆኑን ሲያስረዳ ተማሪው ሁሉ እንዲያየኝ አስነስቶኛል። ጉድ እኮ ነው!

እናቴን ጠይቄያት ነበር።

"እውነት ስቀሻል?"

"እኔ እንጃ ልጄ፣ ስቄ ይሆናል" አለችኝ።

ይኸው ናት እናቴ። ከአንድ ግመል ጋር እንኳ መከራከር የማትችል ሴት። "ነገሌ ላይ ግመል ያየ ሁሉ ቢስቅ የስንቱ ልጅ ፊት ይሰነጠቅ ነበር?" ብላ መመለስ አቅቷት፣ ግመል ባየች ቁጥር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስባ ፊቷን ታዞራለች። አባቴ የድሮው ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ እሱም አብሮ ተበተነ። እኔ ያኔ ገና ዳዴ እል ነበር። በካምፑ ጥግ ከቀሩት የወታደር ሚስቶች ጋር ቀረን፤ እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ገበያ ታወጣለች፣ እኔ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ የኋላ ወንበር ላይ እማራለሁ።

ከንፈሬን በሰባት ዓመቴ ሰፍተውልኛል። ያ ለመብላትና ለመናገር በቃኝ። ለመናገርማ እንዲያውም ተረፈኝ። የሚያስፈራው ዓይኔ ነበር። ቆቡ ስለተከፈለ ግራ ዓይኔ አይከደንም፤ ስተኛም አፍጥጦ ያድራል። የነገሌ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። ከሊበን በኩል ከብት ሲነዳ ይነሳል፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይነሳል፣ የሁሉም ማረፊያ የኔ ዓይን ነው። ዓሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣብኝ። አንድ ቀን ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በግራው ባይ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው እናቴ ጭጋግ ሆነችብኝ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር። ሰፈሩ በሙሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው፤ ባላቸው በካምፑ ጋራዥ መካኒክ ናቸው፣ ቤታችን ከቤታቸው በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። የሰፈሩ እባጭ ሁሉ የሚፈርጠው በእሳቸው እጅ ነው። የግራር እሾህ ይመርጣሉ፣ እሳት ያስነኩታል፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይይዙታል። እባጭ ከፈራ ወደ ውስጥ ይሸሻል ብለው ስለሚያምኑ ለታማሚው አስቀድመው አይነግሩትም። ስለ ዝናቡና ስለ ዘመድ ደኅንነት እያወሩ ጠጋ ጠጋ ይሉና፣ ጠቅ! ሰውየው ጮሆ ሳይጨርስ መግሉ ወጥቶ አልቋል። ለዲግሪ የቀራቸው ጥቁሩ ቆብ ብቻ ነበር።

እኔም የተወለድኩት በእሳቸው እጅ ነው። ጡት መሳብ ስላልቻልኩ ወተት በጥጥ እያንጠባጠቡ በሕይወት ያቆዩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያው ሰሞን የራሳቸው ሕፃን ሞቶባቸው ስለነበር ጡታቸው ወተት ነበረው። እሺ፣ ውለታ ነው። ግን ውለታ እኮ አንድ ቀን ተነግሮ ያልቃል። እትዬ በየዓመት በዓሉ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ "ይህችን በጥጥ ነው ያሳደግኳት!" ይላሉ። እንግዳው ሁሉ ወደኔ ዞሮ ከንፈሩን ይመጣል። ደህና ከንፈር ስላለው ይምጠጠዋ! እኔም በየዓመት በዓሉ "ታዲያ ጥጡን ልመልስልዎ?" እላቸዋለሁ፣ እንግዳው ይስቃል። ምላሴን የሳልኩት በዚያ ሰፈር ነው። የሚያየኝ ሰው አፉን ከፍቶ ከመጨረሱ በፊት እኔ ተናግሬ እጨርሳለሁ።

ስለ ሞተው ሕፃን ደግሞ የሚባል ነገር ነበር። እንጥሉ ወርዷል ብለው ራሳቸው ቆርጠውት ነው የሞተው ይባላል። በጓዳ፣ በሹክሹክታ። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ያ ሐሜተኛ ሰፈር፣ የባልና ሚስትን ኩርፊያ ሳይቀር በውሃ ቦኖ ላይ የሚተነትን ሰፈር፣ ይህችን አንድ ነገር ግን ፊታቸው ላይ ተናግሮ አያውቅም።

ዓይኔ ሲደክም እናቴ አዲስ አበባ ይዛኝ ሄደች። ብዙ ወረፋና ብዙ ኮሪደር ካለፍን በኋላ አንድ ረጋ ያለ የቀዶ ጥገና ሐኪም አገኘን። ፊቴን በአውራ ጣቱ ነካክቶ አየና ስንጥቁን ለመዝጋት ቆዳ እንደሚያንስ ነገረን። ከእግሬ ወይ ከሆዴ ቢያመጣ መልኩ አይገጥምም፣ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል።

"ስለዚህ ከራስሽ ጉንጭ እናመርታለን" አለ።

"ጉንጬ ማሳ ነው እንዴ?" አልኩት። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። "የነፍሰ ጡር ሆድ አይተሽ የለ? ቆዳው በአንድ ቀን አይሰፋም። ከሥር ቀስ እያለ ሲገፋ ቆዳ ራሱ ያድጋል። እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

በስንጥቁና በጆሮዬ መሀል ባለው ደህና ቆዳ ሥር ባዶ ፊኛ ከተቱልኝ። ከፊኛው ቀጭን ቱቦ ወጥታ ከጆሮዬ ኋላ፣ ከቆዳው ሥር፣ የሸሚዝ ቁልፍ ከምታክል ነገር ጋር ትገናኛለች። በየሳምንቱ እዚያች ቁልፍ ላይ በቀጭን መርፌ ጨዋማ ውሃ ይጨመራል፣ ፊኛው ይነፋል፣ ቆዳው ይለጠጣል። ዓሥር ሳምንት ሲሞላ ፊኛው ይወጣና የተረፈው ቆዳ ተስቦ ስንጥቁ ይዘጋል፣ የዓይኔም ቆብ ይሠራል። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያስተኛ አልጋ ስላልነበረና አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሚባል ስላልነበረን፣ ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሙ ደብዳቤ ጽፎ፣ ውሃውንና መርፌውን በካርቶን አሽጎ ወደ ነገሌ ላከን። በሩ ላይ ቆሞ እናቴን እንዲህ አላት፦ "ማንም አይንካው። ቅባት አይቀባ፣ እንዳይመታ፣ እንዳይወጋ። ይህ ፊኛ ከተበላሸ ዓይኗንም አብረን እናጣዋለን።"

ነገሌ ላይ ውሃውን የምትሞላልኝ ነርስ የሊበን ልጅ ነበረች፣ አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር ተቃቅፎ የሚሄድ። በሥራዋ አቃቂር የማይወጣላት ሴት ነች። "አካም ቡልቴ?" ትለኝና ወዲያው ጉንጬን እያየች "እሱስ አካም ቡሌ?" ትላለች፤ ፊኛው እንዴት እንዳደረ መጠየቋ ነው። በዚያ ሰሞን ስለ ፊቴ ሳታለቃቅስ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ፊኛው መጀመሪያ ሎሚ አከለ፣ ከዚያ ትርንጎ ለመሆን ተንደረደረ። ከሻሽ በታች አይደበቅም። ምን ቢባል ጥሩ ነው? ጫት ጀመረች! ግራ ጉንጯን ወጥራ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ ያለ አንዳች ኀፍረት! የበርበሬ ደንበኞቻችን እናቴን ጠጋ ብለው "ልጂቱን ምከሪያት እንጂ" ይሏታል። መናኸሪያው አጠገብ አንድ የአይሱዙ ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ "እህቴ፣ የየት አገር ነው? ጥሩ ሳይሆን አይቀርም!" አለኝ። "የአዲስ አበባ ነው፣ በመርፌ ነው የሚቃመው" አልኩት። ለጓደኛው ሲነግረው ሰማሁ።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። የታመመ መጠየቅ ደግ ነገር ነው ይባላል። እኔ እንጃ። በአንድ ክፍል ውስጥ ዓሥራ ሁለት ሴት ተደርድሮ "እኔን! እኔን ልጄ!" እያለ ጉንጭ ሊስም ሲንጠራራ፣ እናቴ መሀል ገብታ "አይነካም፣ ሐኪም ከልክሏል" ስትል፣ ሴቶቹ ተቀይመው ሲቀመጡ፣ ቀጥሎ ደግሞ የየዘመዶቻቸውን እብጠት ከነአሟሟታቸው ሲተርኩ መዋልን ደግነት የሚለው ያልታመመ ሰው ነው።

በስድስተኛው ሳምንት እትዬም መጡ፣ ከጠያቂው መሀል ተቀመጡ።

"ምንድን ነው ይሄ? በየጊዜው ይጨምራል እኮ" አሉ።

እናቴ ልታስረዳ ሞከረች። "ፊኛ ነው እትዬ፣ ሐኪሙ ነው ያስገባላት።"

"ፊኛ? የልጅ መጫወቻው?"

ሴቶቹ ተያዩ። እናቴ ክፉ በሽታ ልትደብቅ እንደፈለገች ሁሉም ገባቸው። መቼም ውሸት ለመናገር እንኳ ችሎታ ያስፈልጋል፣ እናቴ ደግሞ እውነት ስትናገርም ትንተባተባለች። ቁጭ ብሎ ስለ ቆዳና ስለ ጨው ውሃ ማስረዳት የኔ ፈንታ ነበር። ሐኪሙ ለኔ እንዳስረዳኝ የነፍሰ ጡር ሆድ ብል እኮ እትዬ ከኔ ቀድመው ይገባቸው ነበር፤ ስንቱን አዋልደዋል! ግን ሰልችቶኝ ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ልናገርና ንቄያቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው አልኩ በሆዴ።

"እማዬን አይስሟት እትዬ" አልኩ ጮክ ብዬ። "እባጭ ነው። ሲበስል እልክብዎታለሁ፣ እሾህዎን ስለው ይጠብቁኝ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አልሳቁም። በቁም ነገር አንገታቸውን ነቅንቀው "እሺ ልጄ" አሉ። እኔ ደግሞ መልሴ ጥሩ ስለነበረ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ስምንተኛው ሳምንት ላይ ነው። አርብ ዕለት ነርሷ ውሃውን ጨምራልኝ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቅ ነበር። ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄደች፣ እኔ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በቀኝ ጎኔ ተጋድሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት በመወጋት ነው። ጠቅ አለኝ፣ ወዲያው ለብ ያለ ውሃ በአንገቴ ወርዶ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ዓይኔን ስገልጥ እትዬ አጠገቤ ተንበርክከዋል፣ በአንድ እጃቸው እሾህ፣ በሌላው ነጠላቸውን ከጉንጬ ሥር ደግነው ውሃውን ይቀበላሉ። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

"እሰይ! እሰይ ልጄ! መግል የለውም፣ ውሃ ብቻ ነው! ቀላል ነው፣ ተገላገልሽ!"

ጮህኩ። ጉንጬን ያዝኩ። በእጄ ሥር ሲሟሽሽ ይሰማኛል።

"ምን ያስጮህሻል? አንቺው አይደለሽም ሲበስል ያልሽኝ? በስሎ ሲያበራ በመስኮት አየሁት እኮ" አሉ። እውነታቸውን ነው የሚናገሩት። ተንኮል ቢኖራቸው ምንኛ በቀለለኝ!

ነርሷ ስታየኝ "ዋቃዮ!" ብላ ፈጣሪዋን ጠርታ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። ሞባይል ነገሌ የገባበት ሰሞን ነበር፤ ኔትወርክ ፍለጋ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብላ ሐኪሙን አገኘችው። ፊኛው ሲተነፍስ የተለጠጠው ቆዳ መልሶ መሸብሸብ ይጀምራል፣ እሾህ የገባበትም ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ስለዚህ አንድ ቀን ሳያድሩ ይነሱ አለ። አንድ ቀንማ አደርን፣ አውቶቡሱ የሚነሳው በማግሥቱ ጠዋት ነውና።

ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ እትዬ ቀድመውን ቆመዋል። ለመንገድ በሶ ቋጥረው ይዘዋል። እስከዚያ ድረስ የሆነው ምን እንደሆነ እናቴ ነግራቸዋለች መሰለኝ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። "ልጄ..." ብለው ጠጋ ሲሉኝ ደሜ ፈላ። የእናቴ ታላቅ የሚሆኑትን ሴት አንቱታውን አውልቄ ጣልኩና፣ ረዳቱ፣ ተሳፋሪው፣ ቆሎ ሻጩ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አልኳቸው፦

"ወዲያ ሂጂ! አትንኪኝ! ልጅሽንም የገደልሽው በዚሁ እጅሽ ነው! ገድለሽ አልጠገብሽም?"

እትዬ በሶውን የአውቶቡሱ መርገጫ ላይ አኑረው ሄዱ። እናቴ ልትመታኝ ፈልጋ ፊቴን መምታት ስለማትችል ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም ምልክቱ ያለ ይመስለኛል። እኔ ግን እስከ ወደራ ከተማ ድረስ አልተጸጸትኩም። ልክ ልኳን ነገርኳት እያልኩ ነበር የምሄደው።

መንገዱ ሁለት ቀን ነው። ቦሬ ላይ ጉሙ ወርዶ፣ ጭቃው ጎማውን ይዞ፣ ግማሽ ቀን ቆምን። በየጊዜው ጣቴን ሰድጄ ጉንጬን እለካለሁ፤ በየጊዜው ያንሳል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጥርሴን ነው ብለው ደመደሙና ነጭ ሽንኩርት ያዙልኝ፤ ከኋላ ያለችው ሴት ነጭ ሽንኩርት አይሆንም ብላ ተከራከረቻቸው። በክርክራቸው ሐዋሳ ደረስን።

ሐኪሙ ሲያየኝ ከንፈሩን አልመጠጠም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁለታችንንም እኩል እያየ ነገረን። የተረፈው ቆዳ ከታሰበው ያንሳል። እሾሁ የገባበትም መቅላት ጀምሯል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ፊኛ የሚሸከም አይደለም፣ ያለውን ዛሬ ወይ ነገ መጠቀም ነው። ቆዳው ወደ ዓይን ከተሳበ ቆቡ ይዘጋል፣ ዓይኑ ይተርፋል፤ ጉንጩ ግን ይጎተትና የከንፈሬን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ያስቀረዋል። ጉንጭና ከንፈር ላይ ከዋለ ደግሞ ፊቴ ያምራል፣ ዓይኑ ግን አይከደንም፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይጠፋል።

"ሁለት ሳምንት ብትቆዪ ለሁለቱም ይበቃ ነበር" አለ። ያችን ባይላት ምን ነበረበት?

"ጉንጬን!" አልኩ ወዲያው። ዓሥራ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ! "አንድ ዓይን ይበቃኛል። ስንቱ ሰው በአንድ ዓይን ይኖራል!"

"ዓይኗን" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ አፈር ስሆን!"

"ዓይኗን ነው ያልኩት" አለች፣ ሐኪሙን እንጂ እኔን ሳታይ። ያቺ ከግመል ጋር መከራከር የማትችል ሴት! ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ ሰደብኳት፤ ወይ ፍንክች። የፈቃዱ ወረቀት ላይ ጣቷን ቀለም አጥቅሳ ፈረመች። ለወራት አኮረፍኳት። አሁን ይህን የምጽፈው በሁለት ዓይኔ እያየሁ ስለሆነ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

ቁስሉ እስኪድን ወር ከምናምን ተኛሁ። ፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ላይ ከገጠር የመጣች ሴት ከንፈሩና ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ይዛ ነበር። ወተቱን በማንኪያ ጫፍ፣ በጠብታ ነው የምትሰጠው። አንዷ ጠብታ ትገባለች፣ ሁለቷ በአፍንጫው ይመለሳሉ፣ ትን ይለዋል፣ ትገለብጠዋለች፣ ጀርባውን ትመታለች፣ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ስኒ ወተት ለመጨረስ ግማሽ ቀን። በነጋታው ደግሞ እንደዚያው። መጀመሪያ አሰለቸችኝ። ከዚያ ሳላስበው እያየኋት መዋል ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም ይመስለኛል፣ ሕፃኑ ትን ብሎት ሲጠቁር ተንሰፍስፌ ከአልጋዬ ተነሳሁ፤ ትንፋሹ ሲመለስለት አብሬያት አለቀስኩ። የራሷ ልጅ ነው እኮ። እትዬ ግን የራሳቸውን በቀበሩ ሰሞን የሰው ልጅ ታቅፈው ነው ይህን ሲያደርጉ የከረሙት። መናኸሪያው ላይ የተናገርኩት ትዝ ባለኝ ቁጥር ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ እስብ ነበር።

ነገሌ ስመለስ ዓይኔ ይከደናል። ከንፈሬ ግን ሐኪሙ እንዳለው በግራ በኩል ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ባየኝ ሰው ሁሉ ላይ የማሾፍ ነው የምመስለው። ሰላም ስላቸው "ምን አስናቃት?" ይላሉ፣ ልቅሶ ቤት ስገባ ዘመድ ይቆጣል። ቄሱ መስቀል ሲያሳልሙኝ እንኳ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ይሁን፣ ድሮም ከማሾፍ ብዙ አልራቅኩም ነበር።

ከተመለስን በሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እትዬ ወደ ግቢያችን መጡ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው። እናንተ የከተማ ሰዎች ይህ ቀርቷል ትሉ ይሆናል። እሳቸው ከሰሜን ይዘውት መጥተዋል፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ የተበደለው ይቅር ካለ በገዛ እጁ ያወርድለታል። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም።

"ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪኝ" አሉ። "ፊትሽን አበላሸሁት።"

መናኸሪያው ላይ ስላልኳቸው ነገር ምንም አላነሱም። አንጀቴን በሉት። ሮጬ ከፊታቸው ቆምኩ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር እትዬ! እኔ ነኝ ድንጋይ የምሸከመው። ያልኩዎትን ሁሉ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ከልቤ የተናገርኩበት ቀን የለም። እትዬ ቀና ብለው አፌን አዩ። ከንፈሬ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ደገምኩላቸው፤ ባዘንኩ ቁጥር፣ ፊቴ በተኮማተረ ቁጥር፣ ያ የተረገመ ጫፍ ይብስ ይሰቀላል። እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን ልይዝ ስል ትከሻቸውን አዞሩብኝ።

እናቴ ሲጨንቃት መሀል ገባች። "እትዬ፣ እባክዎ፣ ፊቷ ነው እንጂ እሷ እኮ ከልቧ ነው።"

"ፊቷንማ ለምጄዋለሁ" አሉ እትዬ። ቁጣ የለባቸውም፣ ደክሟቸው ነበር። "ፊቷ አንድ ቀን አስቀይሞኝ አያውቅም። ምላሷን ነው የማላምነው።"

ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ቀስ እያሉ ወጡ። እስከ በር ተከትያቸው ለመንኩ፣ ጎረቤት ወጥቶ ያያል፣ የሚስቅም የሚያዝንም አለ። ያን ዓመት ክረምት ሳይወጣ ባላቸው ወደ ሌላ ካምፕ ተዛወሩና ቤቱን ለቀቁ። ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ የለም፣ እኔም ስጠይቅ የሰው ፊት ይለዋወጣል።

አሁን አርባ ልጠጋ ነው። ነገሌ ላይ የሚያውቁኝ ሁሉ ለማያውቀኝ ሰው ሲያስተዋውቁኝ ጠጋ ብለው "አትቀየሟት፣ ፊቷ ነው እንጂ እሷስ ልበ ደግ ናት" ይላሉ። እኔም እሰማቸዋለሁ። ለሁሉ ነገር መልስ የማላጣው ሴት፣ ለዚህች ቃል ብቻ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አላውቅም።